ያልነደደ ከሰል ዋጋ

አንድ ነጋዴ ከቤትዎ ደጃፍ ቆሞ «የምሸጥልዎ ነገር በዓይን አይታይም፣ በእጅ አይዳሰስም፣ በሚዛንም አይመዘንም፤ ዋጋውን ግን በየዓመቱ ይከፍሉኛል» ቢልዎ፣ አንባቢ ሆይ፣ ምን ይመልሱለታል? በሩን የሚዘጉበት ይመስለኛል። ይሁን እንጂ በዚህ ዓይነት ንግድ የሚተዳደሩና ብዙ ሺህ ሠራተኞች የሚያስተዳድሩ ኩባንያዎች በዓለም ላይ አሉ። ሸቀጣቸውም ሳይነድ የቀረ ከሰል፣ ሳይቃጠል የቀረ ናፍጣና ሳይቆጠር የቀረ ኤሌክትሪክ ነው። እነዚህ የሙቀትና የቅዝቃዜ ሥራ ተቋራጮች ይባላሉ።

ሙያው ለእኛ ለደጋ ሰዎች እንግዳ ስለሆነ ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልገዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ በክረምት ጋቢ ደርቦ ከከሰል ማንደጃ አጠገብ መቀመጥ፣ በበጋም መስኮት መክፈት ይበቃናል። በሰሜን አሜሪካ ግን የክረምቱ ብርድ ውሃውን በቧንቧ ውስጥ በረዶ አድርጎ ቧንቧውን ይሰነጥቀዋል፤ በሐምሌ ደግሞ ሙቀቱ ሰው እስከ መግደል ይደርሳል። ስለዚህ በየሕንፃው ምድር ቤት ቦይለር ወይም የአየር ማሞቂያ ምድጃ ተተክሏል፤ ከዚያም የሞቀው ውሃ፣ እንፋሎት ወይም አየር በቧንቧና በቆርቆሮ መተላለፊያ እየሄደ ክፍሎቹን ያዳርሳል። ይህን ሁሉ የሚተክለው፣ የሚጠግነውና እኩለ ሌሊት ላይ ሲጠሩት የሚመጣው ተቋራጩ ነው። ጉዳዩ የዋዛ አይደለም፤ አንድ የአሜሪካ ቤተሰብ በቤቱ ውስጥ በዓመት ከሚፈጀው ኃይል ግማሽ ያህሉ ቤቱን ለማሞቅና ለማቀዝቀዝ ብቻ የሚውል ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያውቅልኝ እለምናለሁ።)

ከእነዚህ ኩባንያዎች መካከል በጣም ከታወቁት የአንዱ ታሪክ የሚጀምረው ከፋብሪካ ሳይሆን ከትምህርት ቤት ነው። በዊስኮንሲን ክፍለ ሀገር ዋይትዎተር በምትባል ትንሽ ከተማ በነበረው የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር ዋረን ጆንሰን የሚባሉ ሰው ያስተምሩ ነበር። በዚያን ዘመን ክፍሉ መሞቁን ወይም መብረዱን ለማወቅ የሕንፃው ጠባቂ በየጊዜው በሩን ከፍቶ ይገባል፤ ቴርሞሜትሩን ያያል፤ ከዚያ ወደ ምድር ቤት ወርዶ የእሳቱን የአየር መዝጊያ ይከፍታል ወይም ያጠብባል። ጠባቂው ሥራውን ነው የሠራ፤ ትምህርቱ ግን በየሰዓቱ ይቋረጣል። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ገና ብዙ ጊዜ ስላልሆነ፣ መምህር በንግግሩ መካከል በር ሲንኳኳበት ፊቱ ምን እንደሚመስል አልረሳሁትም። ፕሮፌሰር ጆንሰን ግን በመቆጣት ብቻ አልቀሩም። የክፍሉ ሙቀት ከተወሰነው ሲዛነፍ በኤሌክትሪክ አማካይነት ምድር ቤት ላለው እሳት አንዳጅ ምልክት የሚሰጥ መሣሪያ ሠሩና በ1883 የፈጠራ መብት አገኙበት። ጠባቂው ከዚያ ወዲያ በር መክፈት አላስፈለገውም።

በ1885 ዊልያም ፕላንኪንተን የሚባሉ የሚልዎኪ ባለጸጋ ገንዘብ አውጥተው ኩባንያው ተቋቋመ። ዛሬ ጆንሰን ኮንትሮልስ ተብሎ የሚጠራው ይኸው ነው። ፕሮፌሰሩ ሐሳባቸው በአንድ ነገር የሚረጋ ሰው አልነበሩም፤ የማማ ሰዓትም፣ በእንፋሎት የሚሄድ አውቶሞቢልም ሠርተዋል። በ1911 ሲሞቱ ግን ተተኪዎቻቸው ሌላውን ሁሉ ትተው በሕንፃ ሙቀት መቆጣጠሪያ ሥራ ላይ ጸኑ።

ከዚህ ኩባንያ ልማድ እኔን ይበልጥ የሳበኝ አንድ ደንብ ነው። መሣሪያውን የኩባንያው የራሱ ሠልጣኞች ካልሆኑ በቀር ማንም እንዳይተክለው ተከለከለ። ለንግድ ይህ የሚጎዳ ይመስላል፤ በየሱቁ አስቀምጦ ለፈለገ ሁሉ መሸጥ ይቻል ነበርና። ነገር ግን የሙቀት መቆጣጠሪያ እንደ ወንበር አይደለም፤ በተሳሳተ ግድግዳ ላይ፣ ለምሳሌ ፀሐይ በሚመታው ወይም ነፋስ በሚገባበት ቦታ ከተተከለ ቀኑን ሙሉ ሲዋሽ ይውላል። ዋሽቶም የሚያስነድደው የሰው ገንዘብ ነው። ስለዚህ ኩባንያው ከመሣሪያው ጋር ሠራተኛውን አብሮ መላክ ነበረበት፤ ቅርንጫፎቹም የሙያ ትምህርት ቤትና ወርክሾፕ በአንድነት ሆኑ።

በ1929 የአሜሪካ ንግድ ሲወድቅ አዲስ ሕንፃ የሚያሠራ ጠፋ። ተቋራጮቹ ወደ አሮጌው ሕንፃ ፊታቸውን ያዞሩት በዚያ ችግር ጊዜ ነው። ጆንሰን ኮንትሮልስ ለቀንና ለሌሊት ሁለት ልዩ ልዩ የሙቀት ልክ የሚይዝ ቴርሞስታት አቀረበ፤ ሰው በሌለበት ሰዓት ቤቱ ራሱን ያበርዳል፣ ሠራተኛው ከመድረሱ በፊት ይሞቃል። ገንዘብ ለጠረረበት ባለሕንፃ የተሸጠለት ምቾት ብቻ ሳይሆን ቁጠባም ነበር።

ቁጠባ ግን እንዴት ይሸጣል? ለዚህ ወደ ኋላ፣ ወደ እንግሊዝ አገር ወደ አሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት መመለስ ያሻል። ሚስተር ጀምስ ዋት የእንፋሎት ሞተር አሻሽለው ከሸሪካቸው ከሚስተር ማቲው ቦልተን ጋር በ1775 ኩባንያ ሲያቆሙ፣ በኮርንዎል አውራጃ ያሉ የመዳብና የቆርቆሮ ማዕድን ባለቤቶች ጥሩ ደንበኞች ሆኑላቸው። ማዕድን አውጪዎቹ ከጉድጓዳቸው ውሃ የሚቀዱት በአሮጌው የኒውኮመን ሞተር ነበር፤ በአውራጃው የድንጋይ ከሰል ስለሌለ ደግሞ በመርከብ እየተጫነ በውድ ይመጣላቸዋል። ዋትና ቦልተን ያቀረቡት ውል እንዲህ የሚል ነው፤ አዲሱ ሞተር ከአሮጌው ይልቅ የሚያተርፍላችሁን ከሰል እንገምት፤ ከትርፉ ዋጋ ሁለቱ እጅ ለእናንተ ይሁን፣ ሲሶውን በየዓመቱ ለእኛ ክፈሉ።

ውሉ ሲታይ ቅን ነው። ሆኖም ያልነደደውን ከሰል ማን ቆጠረው? ዋት ለዚህ መልስ አዘጋጅተው ነበር። ሞተሩ ስንት ጊዜ ከፍ ዝቅ እንዳለ የሚመዘግብ መቁጠሪያ ሠርተው በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ ከሞተሩ ክንድ ጋር አያያዙት። እንዲህም ሆኖ ማዕድን አውጪዎቹ ዓመታት ባለፉ ቁጥር መክፈሉ መረራቸው። አሮጌው ሞተር ከዓይን ሲርቅ ኪሳራው ይረሳል፤ በየዓመቱ የሚመጣው የክፍያ ወረቀት ግን አይረሳም። የዋት የፈጠራ መብት በ1800 እስኪያበቃ ድረስ ጭቅጭቁና ክርክሩ አልበረደም። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ከሁሉ ይበልጥ ደስ ይላል። በ1811 ጆኤል ሊን የሚባሉ የማዕድን ሥራ አዋቂ የኮርንዎልን ሞተሮች አሠራር በየወሩ እያተሙ ማውጣት ጀመሩ፤ የትኛው ሞተር በስንት ከሰል ስንት ውሃ እንዳነሣ ሁሉም ያነበዋል። ሚዛኑ ከሻጩ ሣጥን ወጥቶ ባደባባይ ተቀመጠ፤ መካኒኮቹም እርስ በርሳቸው መፎካከር ያዙ።

ዛሬ ትልልቆቹ ተቋራጮች የሚዋዋሉት ውል የዚህ የዋት ውል ልጅ ነው። ተቋራጩ ሕንፃውን ይመረምራል፤ ያለፉትን ዓመታት የኃይል ሒሳብ ያያል፤ «ይህን ብናሻሽል በዓመት ይህን ያህል ይተርፍዎታል» ብሎ ዋስ ይሆናል። ሥራው በብድር ይሠራና ብድሩ ከተረፈው ገንዘብ ይከፈላል። የተረፈው ከተባለው ካነሰ ልዩነቱን ተቋራጩ ከኪሱ ይሞላል። በኔ አስተያየት የውሉ ብርታትም ድካሙም መነሻው ላይ ነው። የድሮው ፍጆታ ተጋንኖ ከተጻፈ ቁጠባው በወረቀት ላይ ብቻ ያብባል። ክረምቱ ለስላሳ የሆነ እንደሆነ ደግሞ የእግዜርን ሥራ ተቋራጩ በስሙ ሊያስመዘግበው ይችላል። ስለዚህ የአየሩ ጠባይ ከሒሳቡ ተቀናንሶ እንዲሰላና መለኪያውም ለሁለቱም ወገን ግልጽ እንዲሆን በውሉ ይጻፋል።

ለዚህ ዓይነት ሥራ ከሁሉ የገነነው ምሳሌ በኒውዮርክ ያለው ኤምፓየር ስቴት ሕንፃ ነው። ባለ 102 ፎቁ ሕንፃ በ1931 ተመርቆ ዕድሜው ሰማንያ ሊሞላ ሲል፣ በ2009 ባለቤቶቹ ከጆንሰን ኮንትሮልስና ከሌሎች አዋቂዎች ጋር ሆነው ኃይል የሚቆጥብ እድሳት ጀመሩ። የሕንፃው 6,514 መስኮቶች አንድ ባንድ ወለቁ። ወደ ሌላ ከተማ ተጭነው እንዳይሄዱ እዚያው አምስተኛ ፎቅ ላይ ወርክሾፕ ተከፈተ፤ መስታወቱ ታጠበ፤ በሁለቱ መስታወቶች መካከል ሙቀት የሚመልስ ስስ ሽፋን ተዘረጋ፤ አርጎንና ክሪፕቶን የሚባሉ ጋዞች ተሞሉ፤ መስኮቱም ወደ ቦታው ተመለሰ። ከብርድ ጊዜ ማሞቂያዎች ጀርባ ሙቀቱ ወደ ውጭ ግድግዳ እንዳይሄድ መከላከያ ተለጠፈ።

እዚህ ላይ የሥራውን ቅደም ተከተል ልብ ይሏል። በመስኮቱ የሚገባው ሙቀት በመቀነሱ የማቀዝቀዣው መኪና የሚሸከመው ሸክም ቀለለ። ሸክሙ ስለቀለለም አዲስና ትልቅ መኪና መግዛት ቀርቶ አሮጌዎቹ ታድሰው እንዲሠሩ ተደረገ። መኪናውን ቀድመው ገዝተው ቢሆን ኖሮ ለሚያፈስ ቤት የሚሆን መኪና ይገዙ ነበር። ሥራው ሲታቀድ የሕንፃውን የኃይል ፍጆታ በ38 ከመቶ እንዲቀንስና በዓመት 4.4 ሚሊዮን ዶላር እንዲያተርፍ ታስቦ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ሒሳብ፣ ሥራው በሙሉ ሳያልቅ፣ 2.4 ሚሊዮን ዶላር ተረፈ፤ ይህም ኩባንያው ዋስ ከሆነበት በአምስት ከመቶ የሚበልጥ ነው።

ሰማይ ጠቀሱን ትተን ወደ ተራው ሰው ቤት ብንገባም ነገሩ ያው ነው። በ1973 የዐረብ አገሮች ነዳጅ በከለከሉ ጊዜ የበርሜሉ ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ አራት እጥፍ ያህል ሆነ። በዚያ ዓሥር ዓመት የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በኒው ጀርሲ ትዊን ሪቨርስ በሚባል ሰፈር ቤቶችን ሲመረምሩ፣ በኮርኒሱ ላይ መከላከያ የተነጠፈባቸው ቤቶች በሒሳብ ከሚገባው ይልቅ እጅግ ብዙ ሙቀት ሲያጡ አገኙ። ሌባው የተገኘው በግድግዳዎች ውስጥና በጢስ መውጫው ዙሪያ ነበር፤ ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ ሥር የሚደርሱ ማንም ያላያቸው ክፍተቶች ሙቀቱን እንደ ጭስ ማውጫ እየሳቡ ያወጡት ነበር። ቀዳዳ እንስራ ይዞ ወደ ምንጭ መመላለስ ማለት ይህ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጥሩ ተቋራጭ ወደ ቤት ሲመጣ ማሞቂያ ይዞ አይመጣም። መጀመሪያ በበሩ መቃን ላይ ሸራና ትልቅ ማራገቢያ ይገጥምና የቤቱን አየር ወደ ውጭ ይስባል። ይህ ብልሃት መነሻው ከስዊድን ነው። በዚያን ጊዜ የውጭው አየር በየስንጥቁ እየገባ ያፏጫል፤ ባለቤቲቱ እጇን ዘርግታ በመብራት ማብሪያው ዙሪያ፣ በመስኮቱ ሥር፣ በቁም ሣጥኑ ጀርባ ብርዱን ትዳስሳለች። በዓይን አይታይም የተባለው ዕቃ እነሆ በእጅ ተዳሰሰ። ከዚያ መተላለፊያ ቆርቆሮዎቹ ይፈተሻሉ፤ በተለመደ የአሜሪካ ቤት በእነርሱ ውስጥ ከሚያልፈው አየር ከሃያ እስከ ሠላሳ ከመቶው በመገጣጠሚያዎቹ እየሾለከ ይባክናል። ይህ ሁሉ ከተደፈነ በኋላ ነው የማሞቂያው ልክ የሚሰላው። ትልቅ መኪና ይሻላል የሚለው ሻጭ አይታመንም፤ ከልክ ያለፈ ማቀዝቀዣ ቶሎ ቶሎ እየተነሣና እየጠፋ ኃይል ይፈጃል፣ አየሩንም ሳያደርቅ እርጥበቱን ትቶት ይጠፋል።

ቤቱን መድፈን ግን የራሱ አደጋ አለው። ማንደጃ ይዘው በር ዘግተው ያደሩ ሰዎች ሳይነቁ መቅረታቸውን በአገራችን ያልሰማ የለም። በአሜሪካም ከእሳት ቃጠሎ ውጭ በካርቦን ሞኖክሳይድ መርዝ ብቻ በዓመት ከአራት መቶ የሚበልጡ ሰዎች በድንገት ይሞታሉ። ቀዳዳውን የደፈነ ሠራተኛ የምድጃው ጭስ በትክክል መውጣቱን ለክቶ ሳያረጋግጥ ከቤቱ ቢወጣ፣ ገንዘብ አድኖ ሰው ገደለ ማለት ነው። ለዚህ ነው የሠራተኛው ትምህርትና ሕሊና ከመሣሪያው ዋጋ በላይ የሚሆነው።

ሠራተኛው የሚፈጠረውም በችኮላ አይደለም። በ1889 የተመሠረተው የቧንቧና የእንፋሎት ሠራተኞች ማኅበር ተለማማጁን አምስት ዓመት ያስተምረዋል፤ ቀን ከዋናው ባለሙያ ጋር እየሠራ ደመወዝ ያገኛል፣ ከዚያ ደግሞ ክፍል ገብቶ የሙቀትን ሕግና የቧንቧን ሥዕል ይማራል። በሐምሌ ከጣሪያ ሥር በደረቱ እየተሳበ፣ በጥር በበረዶ ላይ ተንበርክኮ ከሽማግሌው አጠገብ የሚውል ልጅ ሙያውን ብቻ አይወርስም፤ ጸባዩንም ይወርሳል። ብርድ በጠናበት ሌሊት የሚጠራው ባለተራ ማን እንደሆነ በየኩባንያው ተራ ይወጣለታል። የልጅ ልደት ያለበትን ጓደኛውን ተክቶ የሚወጣ አይጠፋም፤ እኛ በዕድርና በማኅበር የምናውቀው ዓይነት መተካካት ነው።

ይኸው ኅብረት ከኩባንያው ግቢ ወጥቶ ሰፈሩንም የሚደርስበት ጊዜ አለ። ዋሽንግተንን ጨምሮ በአንዳንድ ከተሞች የማኅበሩ ሠራተኞችና ተቋራጮቹ በዓመት አንድ ቀን ቆርጠው፣ አቅም የሌላቸውን ሽማግሌዎችና ድሆች ማሞቂያ ያለ ክፍያ ይፈትሻሉ፣ ይጠግናሉ። ተለማማጆቹም ከመምህሮቻቸው ጋር አብረው ይሄዳሉ። አንድ ቀን ምን ይፈይዳል የሚል ቢኖር በሐምሌ 1995 በቺካጎ የሆነውን ያስታውስ። በጥቂት ቀናት ሙቀት፣ አንድ ቀን እንዲያውም 41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በደረሰበት፣ ከወትሮው በላይ 739 ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ነበሩ፤ ማቀዝቀዣ ያልነበራቸው፣ ወይም ኖሯቸው የመብራቱን ሒሳብ የፈሩ፣ ሌባ ፈርተውም መስኮት ያልከፈቱ። በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ በራቸውን የሚያንኳኳ የሙያ ሰው ቢኖር ሁሉም ባይድኑ፣ ቢያንስ ማን ብቻውን እንደሚኖር በታወቀ ነበር።

የቁጠባው ንግድ ገና ያልፈታው አንድ ቋጠሮ አለ፤ እርሱም የኪራይ ቤት ነው። በዋሽንግተን፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ አፓርታማ ተከራይተው የሚኖሩ ወገኖቻችን ነገሩን ሳይነገራቸው ያውቁታል። ማሞቂያውን የሚመርጠው አከራዩ ነው፤ የኤሌክትሪኩን ሒሳብ የሚከፍለው ተከራዩ። አከራዩ ርካሹንና ፈጂውን መኪና ቢተክል ኪሳራው አይነካውም፤ ተከራዩ ደግሞ የሰው ግድግዳ መንካት አይችልም። ተቋራጩ ለማን ይሽጥ? መልካም ፈቃድ እንደማይበቃ ያዩ ከተሞች ወደ ሕግ ሄደዋል። ዋሽንግተን በ2018፣ ኒውዮርክም በ2019 ባወጡት ሕግ ትልልቅ ሕንፃዎች ከተወሰነ ልክ በላይ እንዳያባክኑ ግዴታ ገብተዋል፤ የኒውዮርኩ ቅጣት የሚቆጠረው ከ2024 ጀምሮ ነው።

ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ፣ ፊታቸው ሁሉ መስታወት የሆነ ሕንፃዎች በየመንገዱ ተነሥተዋል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲመታቸው ውስጣቸው ይግላል፤ ከውጭ ግን ቀዝቃዛ የደጋ ነፋስ ይነፍሳል። የማይከፈት መስኮት ተገጥሞ፣ በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ማቀዝቀዣ በላዩ ተጭኖ፣ በ2025 ከተመረቀው ከሕዳሴው ግድብ የሚመጣውን ኃይል ደጃፍ ላይ በነፃ የሚገኘውን ቅዝቃዜ ለመሥራት ማዋል ለእኔ የማይገባኝ ወጪ ነው። የምናስመስለው የኒውዮርክን መስታወት ከሆነ፣ ኒውዮርክ ያን መስታወት አውልቃ ስታድስ የከፈለችውንም እናስብ።

እንደኛ በአፍሪካ ደጋ ላይ ባለችው በሃራሬ፣ አርክቴክት ሚክ ፒርስ በ1996 የተከፈተውን ኢስትጌት የተባለ የሱቅና የቢሮ ሕንፃ ሲነድፉ አሠሪዎቹ በማቀዝቀዣ መኪና ገንዘብ ማውጣት አልፈለጉም። ስለዚህ ሌሊት ማራገቢያዎች ቀዝቃዛውን አየር በወለሎቹ ውስጥ ባሉ ክፍተቶች ያስገባሉ፤ ወፍራሙ ኮንክሪት ቅዝቃዜውን ይዞ ያድራል፤ ቀን ሠራተኞቹ ሲሰበሰቡ ሙቀታቸውን ይቀበላል፤ የሞቀውም አየር በጣሪያው ላይ በተደረደሩት የጡብ ጭስ ማውጫዎች ይወጣል። መስኮቶቹ ትናንሽ ናቸው፣ ጥላም አላቸው።